እሳት ለሚያሰጋው የካሊፎርኒያ ቤት፦ ምን ይነጠፍ፣ ምን ይታጠር፣ ምን ይተከል?

በካሊፎርኒያ ቤት የገዛ ሐበሻ ስለ ሰደድ እሳት ማሰብ ሲጀምር የመጀመሪያ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «እሳት የማይበላው ተክል የትኛው ነው?» የሚል ነው። የችግኝ መሸጫዎችም ይህን ስለሚያውቁ «እሳት ይቋቋማል» የሚል ወረቀት የተሰካባቸውን ችግኞች ከበሩ አጠገብ ይደረድራሉ። ወረቀቱ ውሸት ባይሆንም ገንዘብን ወደማይገባ ቦታ ይመራል። ውኃ የተጠማና ያልተገረዘ ማንኛውም ተክል ይነዳል፤ በአግባቡ የተያዘ ተክል ደግሞ ስሙ በየትኛውም ዝርዝር ባይገኝ እምብዛም አያሰጋም። የቤቱን ዕጣ በአብዛኛው የሚወስነው ከግድግዳው ሥር እስከ አምስት ጫማ፣ ማለትም እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ መሬቱን አስቀድሜ፣ አጥሩን አስከትዬ፣ ተክሉን በሦስተኛ ደረጃ አነጻጽራለሁ።

ለዚህ ቅደም ተከተል ምክንያቱ እሳቱ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው እንደ ግንብ ቆሞ እየነደደ የሚመጣውን ነበልባል ነው። አብዛኛው ቤት የሚያዘው ግን በፍም ነው። ነፋስ ፍሙን ከሩቅ፣ አንዳንዴም ከአንድ ማይል በላይ ተሸክሞ ያመጣና በአሸንዳ ውስጥ በተከማቸ ቅጠል፣ ደጃፍ ላይ በተዘረጋ የኮኮናት ምንጣፍ፣ በመስኮት ሥር በተበተነ የእንጨት ስባሪ ላይ ይዘራዋል። ከዚያ ትንሿ እሳት ማንም ሳያያት ግድግዳውን ትይዛለች። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የኢተን እሳት በሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው በአልታዲናና በአካባቢዋ ከ9,000 በላይ፣ በዚያው ቀን የተነሣው የፓሊሴድስ እሳት ደግሞ ከ6,000 በላይ ሕንጻዎችን ሲያወድሙ፣ ቤቱ አመድ ሆኖ አጠገቡ ያለው ዛፍ ቅጠሉን እንደያዘ የቆመባቸው ግቢዎች ታይተዋል።

«እኔ ጫካ አጠገብ አይደለሁም» ማለትም ብዙ አያዋጣም። በዲሴምበር 30 ቀን 2021 በኮሎራዶ፣ ቦልደር አውራጃ የተነሣው የማርሻል እሳት ከ1,000 በላይ ቤቶችን ያቃጠለው ከደረቅ የሣር ሜዳ ተነሥቶ ተራ የከተማ ዳር ሰፈሮችን በነፋስ ጥሶ በመግባት ነው። በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያን ነፋስ አይረሱትም።

የካሊፎርኒያ ሕግ በተለዩ የእሳት ስጋት አካባቢዎች ያለ ቤት ዙሪያውን እስከ 100 ጫማ፣ ወይም የይዞታው ወሰን እስከሚደርስበት ድረስ፣ እንዲጸዳ ያዛል። ይህ ስፋት በሦስት ቀለበት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው እስከ 5 ጫማ፣ ሁለተኛው እስከ 30፣ ሦስተኛው እስከ 100 ጫማ ነው። «ዞን ዜሮ» የሚባለው የመጀመሪያው ቀለበት በ2020 በወጣ ሕግ የተጨመረ ሲሆን፣ ዝርዝር ደንቡ በተለይ በሎስ አንጀለስ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ዛፍ ወዳዱ አንድ ወገን ነው፣ የመድን ኩባንያው ሌላ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሦስተኛ። ለቤታችሁ የሚሠራውን ድንጋጌ ከአካባቢያችሁ የእሳት አደጋ መምሪያ ጠይቁ። ክርክሩ ወዴትም ቢያዘነብል ግን ከግድግዳችሁ ሥር የሚነድ ነገር ማስቀመጥ የሚጠቅመው ማንንም አይደለም።

ከግድግዳ እስከ አምስት ጫማ፦ ምን ይነጠፍ?

እዚህ ላይ ያሉት አማራጮች ጠጠር፣ ኮንክሪት ወይም የድንጋይ ንጣፍ፣ ባዶ አፈር፣ ሣር፣ ሰው ሠራሽ ሣር እና ጉዝጓዝ (በእንግሊዝኛ mulch የሚባለው፣ አፈር ለመሸፈን የሚበተን ስባሪ) ናቸው። ሁሉንም እኩል ማየት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ከወዲሁ ከጨዋታ ማስወጣት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጉዝጓዝ ነው። የእንጨት ስባሪና የዛፍ ልጣጭ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል፣ ዓይንም ይማርካል፤ ሰው የሚወደው በከንቱ አይደለም። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ የተለያዩ የጉዝጓዝ ዓይነቶችን እያቃጠለ አነጻጽሮ ነበር። በኃይል የነደዱት የተከተፈ ጎማ፣ የጥድ መርፌ ቅጠልና በጭረት መልክ የተዘለዘለ ቀይ ሴዳር ናቸው። በዝግታ የነደደው ብስባሽ የሆነ የእንጨት ስባሪ ነው፤ እሱም ቢሆን ነበልባል ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን ይጤሳል። ከዚህ የምወስደው ውሳኔ ቀላል ነው። ብስባሹን ከቤቱ ራቅ ባለ የአትክልት መደብ ላይ ተጠቀሙበት፤ ጎማውንና ዝልዝሉን ግቢያችሁ ውስጥ አታስገቡ፤ ከግድግዳ ሥር ግን የትኛውም ዓይነት አይቀመጥ። «ጎማ አይበሰብስም፣ ለዘላለም ይቆያል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እውነቱን ነው፤ ከተቀጣጠለም ቶሎ አይጠፋም።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ሣር ነው። ፕላስቲክ ነው፤ ይቀልጣል፣ ይነዳል፣ ጭሱም መርዛም ነው። በካሊፎርኒያ የበጋ ቀትር በባዶ እግር ሊረግጡት የማይቻል ያህል ይግላል። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ካስፈለገ ከቤቱ አርቃችሁ አንጥፉት።

ከቀሩት መካከል እኔ የምመርጠው ጠጠር ነው። ከኮንክሪት በብዙ ይረክሳል፣ ውኃ ያሳልፋል፣ ባልና ሚስት በሁለት ቅዳሜ ሊጨርሱት ይችላሉ። ጉድለቱ ቅጠል መያዙ ነው። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ ጠጠሩን በጣታችሁ ገለጥ ብታደርጉት በድንጋዮቹ መካከል የደቀቀ ቅጠል፣ የሣር ፍሬና እንደ ትምባሆ የደረቀ ቡናማ ብናኝ ታገኛላችሁ። ፍም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በጣም ደቃቅ ጠጠር አትምረጡ፤ በቅጠል መንፊያ ማሽን ሲነፋ አብሮ ይበራል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክለው ደህና ነው፤ ቅጠሉ ይነሣል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ስታነጥፉም የጠጠሩ ወለል ከግድግዳው ልባስ ቢያንስ ስድስት ኢንች ዝቅ ይበል፤ የመሬቱ ዝንባሌም ውኃን ከመሠረቱ የሚያርቅ እንጂ ወደ ቤት የሚመልስ አይሁን።

ኮንክሪትና የድንጋይ ንጣፍ ለመጥረግ ይቀላሉ። ዕድሜው ለገፋ ሰው፣ ወይም በየሳምንቱ መጥረጊያ ለሚያነሣና ጠጠር መንፋት ለሚሰለች ሰው፣ ተጨማሪው ወጪ ይገባል። ባዶ አፈር በነጻ የሚገኝ ነው፤ ሆኖም አረም ይበቅልበታል፣ በዝናብ ወቅትም ጭቃው ግድግዳውን ይረጫል። ለአንድ በጋ ማሳለፊያ ይሆናል።

ሣርስ? አጭርና እርጥብ ሆኖ ከቆየ ሣር አደገኛ አይደለም። ውኃ በሚታጠርበት ዓመት ግን ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ የውኃ ድርጅቶች ሣሩን ለሚነቅል ሰው ገንዘብ ይመልሳሉ፤ በምትኩ ግን ውኃ ቆጣቢ ተክል እንዲተከል ይጠይቃሉ። ሰዎች ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ትከል ይላል፣ ሌላው ከግድግዳ ሥር ንቀል ይላል። ሁለቱንም ማስደሰት ይቻላል። የምትተክሉትን ሁሉ ከአምስቱ ጫማ ውጭ በሥዕሉ ላይ አስፍራችሁ ማመልከቻውን አስገቡ።

የእንጨት በረንዳ ያላችሁ ደግሞ ከላዩ ይልቅ ሥሩን እዩ። የአሮጌ ካርቶን፣ የተረፈ ጣውላ፣ የልጆች ብስክሌት ማስቀመጫ ሆኖ ከተገኘ አምስቱ ጫማ ገና አልጸዳም ማለት ነው። በረንዳው ላይ ቡና የምታፈሉ ከሆነም ከሰሉን አስቡበት። ረመጥ አመድ ለብሶ የሞተ ይመስላል፤ ፕላስቲክ የቆሻሻ መያዣ ውስጥ ከተደፋ በኋላ ግን ሊነሣ ይችላል። ክዳን ያለው የብረት ባልዲና ውኃ ይኑር። ነፋሱ በበረታበት ቀን ጀበናው ኩሽና ምድጃ ላይ ይጣድ፤ ቡናው አይቀየምም።

አጥር፦ እንጨት፣ ብረት፣ ብሎኬት ወይስ ፕላስቲክ?

አጥርን ብዙ ሰው ከእሳት ጋር አያያይዘውም። የእንጨት አጥር ግን ከመንገድ ዳር ጀምሮ እስከ መኝታ ቤት ግድግዳ ድረስ የተዘረጋ ክር ነው፤ በአንድ ጫፉ የያዘው እሳት በሌላው ጫፍ ቤቱን ያገኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ነፋስ እያነፈሱ ባደረጓቸው ሙከራዎች የእንጨት አጥርና ከሥሩ ያለ ጉዝጓዝ አንድ ላይ ሲሆኑ እሳቱን ፈጥነው እንደሚያደርሱ አሳይተዋል። ከሁሉ የከፋ ሆኖ የተገኘው ሁለት አጥር ጎን ለጎን መቆሙ ነው። ጎረቤት የራሱን፣ እናንተ የራሳችሁን አጥራችሁ መካከሉ አንድ ክንድ ከሆነ፣ ያ ጠባብ ቦታ ቅጠል ሰብስቦ እንደ ጭስ መውጫ ይስባል። ስለዚህ አዲስ አጥር ከመሥራት በፊት ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አንድ የጋራ አጥር መሥራት ርካሽም ነው፣ ደህንነትም ነው።

ብሎኬትን ለእኛ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። አይነድም፣ ዘበኛም ነው፣ በዝቅታ የሚመጣ ሙቀትና ፍምንም በተወሰነ ደረጃ ያግዳል። ዋጋው ግን ከእንጨት በጣም ይበልጣል፤ ከመሠረቱ ጋር ፈቃድ ሊጠይቅም ይችላል። ብረት መካከለኛ ምርጫ ነው፤ ምንም እንኳ ገመና ባይሸፍንም አይነድም። ገመና ለመሸፈን ተብሎ ሐረግ ወይም የፕላስቲክ ሸራ ከተጎነጎነበት ግን ጥቅሙ ይጠፋል። የፕላስቲክ አጥር ሲግል ተጣሞ ይወድቃል፤ ከእንጨት የተሻለ ነው ብሎ መግዛት አይመከርም።

አጥራችሁ ገና አዲስ እንጨት ከሆነና ለማፍረስ ሆዳችሁ ካልጨከነ፣ ሁሉን ማፍረስ ግድ አይደለም። ከግድግዳው ጋር የሚገናኘውን የመጨረሻውን ክፍል ብቻ፣ ቢያንስ አምስት ጫማውን፣ ቆርጣችሁ በብረት ተኩት። ብዙ ቤት እዚያ ቦታ ላይ በር አለው፤ የብረት በር ማስገጠም በቂ ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ለወጣበት ገንዘብ ይህን ያህል የሚመልስ አላውቅም።

ተክል፦ ናፍቆት የሚፈታተነው ምርጫ

የአገር ቤት ሰው ግቢውን ሲያስብ የሚመጡለት ተክሎች አሉ፤ ለወጥ፣ ለጥላ፣ ለሽታ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በካሊፎርኒያ ምድር ላይ ቀንደኛ ነዳጆች ናቸው። በነዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የጥብስ ቅጠል ከኩሽናው በር አጠገብ ያልተተከለበት የሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። እጅ ዘርግቶ ቆርጦ ድስቱ ላይ መጨመር ደስ ይላል። ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ግን እሳትም ይወደዋል፤ ተክሉ ሲያረጅም ከታች እንጨት ይሆናል። አምስትና ስድስት ዓመት የሆነው የጥብስ ቅጠል ቁጥቋጦ ላይ እጃችሁን አስገብታችሁ ቅርንጫፎቹን ለያዩት። ከውጭ አረንጓዴው ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ብቻ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ግራጫ ጭራሮ፣ እንደ ክብሪት የሚሰበር ቀንበጥ፣ ከሥሩም የረገፈ ቅጠል ክምር ነው። መፍትሔው ተክሉን መተው አይደለም። በሸክላ ማሰሮ ተክሉት፣ ከአምስቱ ጫማ ውጭ አስቀምጡት፣ በየዓመቱ ገርዙት፣ ሲያረጅ በቅርንጫፍ አዲስ አባዙ። ከላቬንደር ጋር ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በሶብላ፣ ጤና አዳምና ድንብላል እንጨት የማይበዛባቸው ልስልስ ተክሎች በመሆናቸው ውኃ እያገኙ ማሰሮ ውስጥ ቢኖሩ እምብዛም አያሳስቡም። ማሰሮው ራሱ ፕላስቲክ አይሁን።

ጥድ ከዚህ ይብሳል። የቤተ ክርስቲያን ዙሪያን ያስታውሰናል፤ በካሊፎርኒያ ግን ዝቅ ብሎ የሚንሰራፋው የጌጥ ጥድና እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የሚቆመው ረጅሙ የፈረንጅ ጥድ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ዘንድ ክፉ ስም አላቸው። ከውጭ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ፣ ከውስጥ የዓመታት ደረቅ መርፌ ነው፤ ሙጫም አለበት። በግድግዳ ጥግ የቆመ የፈረንጅ ጥድ ካላችሁ መግረዝ አያድነውም፤ ይቆረጥ። ስለ ሌሎች ተክሎች ይህን ያህል ጨካኝ አይደለሁም።

ስለ ባሕር ዛፍ ስንነጋገር ሁለቱ አገሮች ይገናኛሉ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ እጥረት ያዳናት ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ በፊት በ1850ዎቹ ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የገባው ያው ዛፍ ነው። እዚያ እናቶቻችን ከእንጦጦ ቅጠሉን ተሸክመው የሚወርዱት በጥሩ ስለሚነድ ነው፤ እዚህም የሚያስፈራው በዚያው ምክንያት ነው። ልጣጩ በረጅም ጥብጣብ መልክ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ሲቀጣጠል ነፋስ እየነደደ ሩቅ ይወስደዋል። በኦክቶበር 1991 25 ሰዎች በሞቱበትና ወደ 3,000 የሚጠጉ መኖሪያዎች በወደሙበት የኦክላንድ ኮረብታዎች እሳት ውስጥ ከተጠቀሱት ነዳጆች አንዱ እሱ ነበር። ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ ባሕር ዛፍ ካለ ማስቆረጥ ውድ ነው። ከቤቱ የራቀ ከሆነ ልጣጩንና የረገፈውን በየወሩ ማንሣትና ታችኛውን ቅርንጫፍ መግረዝ አማራጭ ይሆናል፤ ጣሪያው ላይ ካንዣበበ ግን ገንዘቡን አጠራቅሙ።

በነዚህ ምትክ ምን ይተከል? ለጥላ የአካባቢውን ኦክ የሚያህል የለም። ጤናማ ሆኖ ታችኛው ቅርንጫፉ ከመሬት ቢያንስ ስድስት ጫማ ከፍ ካለ፣ ከሥሩም ቁጥቋጦ ከሌለ፣ ቶሎ የሚያዝ ዛፍ አይደለም። ብዙ ከተሞች ኦክን በሕግ ስለሚጠብቁ ሳትጠይቁ እንዳትቆርጡ። ለጓሮ ደግሞ ሎሚና ብርቱካን ይሁኑ፤ ቅጠላቸው ወፍራምና እርጥብ ነው፣ ፍሬውም የራስ ነው።

ለጌጥ ብዙ ሰው ዘንባባ ይገዛል። ረጅሙ ዘንባባ የደረቀ ቅጠሉን እንደ ቀሚስ ግንዱ ላይ ስለሚያንጠለጥል አንድ ፍም ካገኘው ይቀጣጠልና ራሱ ፍም በታኝ ይሆናል፤ ለማስጸዳትም በየዓመቱ ባለሙያ ይፈልጋል። ያንኑ ሰፋፊ ቅጠል ለሚወድ ሰው እንሰት አለለት። ቀላ ያለው ዓይነት በካሊፎርኒያ የችግኝ መሸጫዎች ለጌጥ ይሸጣል፤ ግንዱ ውኃ የተሞላ ነው። የደረቀውን የታች ቅጠል በቢላዋ ማንሣት ብቻ ነው ሥራው። ጉራጌና ሲዳማ ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል። ሆኖም ውርጭ ባለበት አካባቢ ይጎዳል፤ ውኃም ይጠጣል።

እሬትና ሌሎች ቅጠላቸው ወፍራም የሆኑ ተክሎች በዚህ ውድድር ከፊት ናቸው፤ ከታች የደረቀው ቅጠል እስከተነሣላቸው ድረስ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በባሕር ዳርቻ ተዳፋቶች ላይ የምታዩት «አይስ ፕላንት» የተባለው ምንጣፍ መሰል ተክል እሳት ይቋቋማል ተብሎ ለዓመታት ተተክሏል። ላዩ እርጥብ ነው፣ ከሥሩ ግን የደረቀ ንብርብር ይከማቻል፤ ክብደቱም ተዳፋቱን ይዞት ሊወርድ ይችላል።

ስለ ርቀት ደግሞ የምታስታውሱት አንድ ስሌት ይበቃል። በሜዳ ላይ በሁለት ቁጥቋጦዎች መካከል ያለው ክፍተት የቁጥቋጦውን ቁመት ሁለት እጥፍ ይሁን። ቁጥቋጦ ከዛፍ ሥር ካለ፣ ከቁጥቋጦው ጫፍ እስከ ዛፉ የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ያለው ክፍተት የቁጥቋጦውን ቁመት ሦስት እጥፍ ይሁን፤ አለዚያ እሳቱ መሰላል አገኘ ማለት ነው። ለተክል የተመደበው ገንዘብ ሁሉ አዳዲስ ችግኝ ላይ ከሚያልቅ ግማሹ ለጠብታ መስኖና ለጥሩ መቀስ ቢውል ይሻላል።

ተዳፋት ላይ ያለ ቤት

እሳት ሽቅብ ይሮጣል፤ ከፊቱ ያለውን ተክል አስቀድሞ ስለሚያሞቀው። ስለዚህ ሁለት እጥፍ ያልነው ክፍተት በመካከለኛ ተዳፋት ላይ አራት፣ ገደላማ በሆነው ላይ ስድስት እጥፍ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው «ሁሉን ነቅዬ ልገላገል» ይላል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በዲሴምበር 2017 የቶማስ እሳት የላጫቸው ኮረብታዎች ጃንዋሪ 9 ቀን 2018 በዝናብ ሲናዱ በሞንቴሲቶ 23 ሰዎች ሞተዋል። ሥር የሌለው ተዳፋት ለእሳት ባይሆን ለጎርፍ ይሰጣል።

ስለዚህ ምርጫው በሁለት መንገድ መካከል ነው። አንደኛው ሥራቸው ጥልቅ የሆኑ የአካባቢው ቁጥቋጦዎችን አራርቆ መተው፣ በመካከላቸው ያለውን ሣር ከአራት ኢንች በታች አሳጥሮ ማጨድ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን በየዓመቱ ይደጋገማል። ሁለተኛው የድንጋይ እርከን ነው። ወጪው ከባድ ነው፣ ከፍ ላለው ግንብም መሐንዲስና ፈቃድ ይፈልጋል፤ አንዴ ከተሠራ ግን አፈሩን ይይዛል፣ እሳቱን በየደረጃው ያቋርጣል፣ መካከሉ ላይም ጎመን ይተከልበታል። ኮንሶዎች በድንጋይ እርከን ተራራ ሲያርሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን አሳልፈዋል። ቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለመኖር ካሰባችሁ ሁለተኛውን፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለመሸጥ ካሰባችሁ የመጀመሪያውን እመርጥላችኋለሁ።

ሰፊ ይዞታ ላለው፦ ማሽን፣ ሰው ወይስ ፍየል?

ከሠላሳ ጫማ ወዲያ ያለውን ለማጽዳት ማሽን ፈጣኑ ነው፤ ሆኖም የማጨጃው ብረት ድንጋይ ሲመታ የሚወጣው ብልጭታ ራሱ እሳት አስነሥቶ ያውቃል። የግዛቲቱ እሳት መከላከያ መሥሪያ ቤት ደረቅ ሣር የሚያጭድ ሰው ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት፣ ነፋስ በሌለበት እንዲጨርስ ይመክራል። በእጅ ማጨድ ለትንሽ ቦታ ነው። ፍየል ደግሞ በካሊፎርኒያ ይከራያል፤ መንጋው ከእረኛውና ከኤሌክትሪክ አጥሩ ጋር ይመጣል። ማሽን የማይወጣው ገደል ላይ ይወጣል፣ እሾህም ይበላል። የሚወደውንና የማይወደውን ተክል ግን አይለይላችሁም፤ የሎሚ ችግኛችሁን እጠሩበት። ለአነስተኛ ግቢ ኪራዩ አያዋጣም።

ገንዘቡ ሲያንስ፣ ሥራውም ለሰው ሲሰጥ

ዘንድሮ ምንም ገንዘብ የሌለው ሰው አሸንዳውን ይጥረግ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ቅጠል ያውርድ፣ የማገዶ ክምሩን ከሠላሳ ጫማ ወዲያ ያርቅ፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን ጉዝጓዝ አፍሶ ወደ ጓሮ ጫፍ ይውሰድ። ይህ ሁሉ የጉልበት ዋጋ ብቻ ነው። ጥቂት መቶ ዶላር ያለው ጠጠሩን ያንጥፍ፤ በጣሪያና በመሠረት ዙሪያ ያሉትን የአየር ማስገቢያዎችም ቀዳዳው ከሦስት ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት ይሸፍን። ከዚያ የሚቀጥለው የአጥሩ ጫፍ ነው። ተክል መቀየር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

ተከራይ ከሆናችሁ ከሁሉ በፊት የቤቱን ባለቤት በጽሑፍ ጠይቁ። ባለቤት ከሆናችሁ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ አንሡ፣ ደረሰኝ አስቀምጡ። ከ2022 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የወጣ ደንብ የመድን ኩባንያዎች ቤቱን ከእሳት ለመከላከል ለተወሰደ እርምጃ ቅናሽ እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ሳትጠይቁ ግን ማንም አይሰጣችሁም።

ሥራውን ለተቋራጭ ከሰጣችሁ የፈቃድ ቁጥሩን በግዛቲቱ የተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ መርምሩ። በአማርኛ ስላናገራችሁ፣ ወይም በአንድ ደብር ስለምትሳለሙ ብቻ ይህን አትዝለሉት። ዋጋውን ሲሰጥ የሚነጠፈው ጠጠር መጠን፣ የሚነቀለው ተክልና ቆሻሻውን የሚያነሣው ማን እንደሆነ በውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ የተነቀለ ጥድ ግቢ ጥግ ላይ ተከምሮ በጋውን ካሳለፈ ከቆመው ይብሳል። በካሊፎርኒያ ሕግ የቤት ማሻሻያ ሥራ ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ አይችልም። ግማሹን አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።